የነጭ ዓይን ዝንቦች ጠባቂ፦ የዶክተር አመተ ሥላሴ ጓንጉል የሕይወት ታሪክ

ዶክተር አመተ ሥላሴ ጓንጉል ከአባታቸው ከአቶ ጓንጉል ገብረ ሊባኖስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ካሣዬ በዋግ ምድር፣ በደሃና ወረዳ፣ ከአምደ ወርቅ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገብስ አገር፣ ኅዳር 12 ቀን 1969 ዓ.ም. በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ተወለዱ። ስማቸውን ያወጡላቸው አያታቸው መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ነው፤ አማርኛን ከፊደል ጋር አብረው ተማሩት። ስለዚህም እስከ መጨረሻው ድረስ ሁለቱን ቋንቋዎች ሳይቀላቅሉ፣ እያንዳንዱን በወጉ ይናገሩ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ድርቅ ሲገባ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ለመጪው ክረምት የሚዘራውን ገብስ በጎታ ከተው አፉን በጭቃ መርገውት ነበር። በዚያ ዓመት ታናሽ ወንድማቸው ሲያርፍ ጎታው አልተከፈተም። ዝናቡ ሲመለስ ገብሱ ተዘራ፤ የቀረነውም ከዚያ በላን። ቤተሰባችን ስለዚህ ነገር ትክክል ነበር ወይም ስሕተት ነበር ብሎ ተነጋግሮ አያውቅም። ዶክተር አመተ ሥላሴም በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሲያነሡት አልሰማንም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአምደ ወርቅ ከፈጸሙ በኋላ በአጎታቸው፣ በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ቤት ተቀምጠው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰቆጣ ተከታተሉ። በዚያ ዘመን የአንዲት ሴት ልጅ ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ማለፉ ብርቅ ስለ ነበር፣ ‹‹ደግሞ ምን ልትሆንላችሁ ነው?›› የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የመልቀቂያ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አልፈው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1991 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት ትምህርት ተመረቁ። ጥቂት ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማሩ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በአገር ውስጥ፣ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ደግሞ በጀርመን አገር በዘረመል ጥናት በ2005 ዓ.ም. ተቀበሉ። እዚያው ቀርተው እንዲሠሩ ተጠይቀው ነበር። ‹‹ዝንብ በአገሬም አለ›› ብለው ተመለሱና በዩኒቨርሲቲ መምህርነትና ተመራማሪነት ተቀጠሩ።

በ1999 ዓ.ም. ከመሐንዲስ ወንዳወቅ ደርሶ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በ2001 ዓ.ም. ልጃቸውን ፀደይን ወለዱ። ከእርሷ በኋላ የተፀነሱት አልጸኑም።

የሥራቸውን ነገር በለቅሶ ላይ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ሳይነገር ቢቀር ግን የሕይወታቸው ታሪክ ጎደሎ ስለሚሆን በሚቻለን መጠን እንገልጻለን። ሰውም ሆነ ከብት፣ ዝንብም ቢሆን፣ ከአባቱና ከእናቱ የተቀበላቸው ክሮሞሶሞች አሉት። እነዚህም የዘር መልእክት የተጻፈባቸው ክሮች ናቸው። እንቁላል ከመሠራቱ አስቀድሞ የአባቱ ክርና የእናቱ ክር ጎን ለጎን ተቀምጠው ቁራሽ በቁራሽ ይለዋወጣሉ። ወንድምና እኅት የማይመሳሰሉት አንድም ስለዚህ ነው። ልውውጡ ሲቀር ግን ሁለቱ ክሮች በወጉ መለያየት ይሳናቸዋል፤ እንቁላሉ ባዶ ይሆናል፣ ወይም ፅንሱ አይጸናም። የዶክተር አመተ ሥላሴ ጥያቄ፣ ክሩ የት ላይ ይቈረጥ፣ ስንት ጊዜስ ይለዋወጥ ብሎ የሚያዝዘው ምንድን ነው የሚል ነበር። የሚያዝዘው በዚያው በክሩ ላይ የተጻፈ ዘረመል ነው። ትእዛዙ የተበላሸበትን ፍጡር ያገኘ ሰው ጤነኛው እንዴት እንደሚሠራ ከብልሽቱ ያነብባል። ለዚህ ጥናት በዓለም ሁሉ የሚመረጠው፣ በበሰበሰ ፍሬ ላይ የሚያንዣብበው ትንሹ የፍራፍሬ ዝንብ ነው።

ትእዛዙ የተበላሸበትን ዝንብ ያገኙት በውጭ አገር አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ለዕረፍት መጥተው ሳለ ሰቆጣ ገበያ፣ ከወይዘሮ ፋኢዛ ሱቅ፣ ከተበላሸ ሙዝ ላይ በጠርሙስ ከያዟቸው ዝንቦች ዘር ነው። ‹‹ሙዙን ተዪውና ዝንቡን በኪሎ ልመዝንልሽ፤ እሱ እንደሆን ከስሮብኝ አያውቅም›› ብለው ወይዘሮ ፋኢዛ ያሾፉባቸውን ነገር ዶክተሯ በየጉባኤው እየተረኩ ይስቁ ነበር። ከእነዚያ ዝንቦች ልጆች መካከል ልውውጥ ፈጽሞ የማይካሄድባቸው ሴቶች ተገኙ። ጉድለቱ በዓይን የሚታይ ስላልሆነ፣ ዓይንን ነጭ ከሚያደርግ ሌላ ምልክት ጋር በአንድ ክር ላይ አቀናጁት። ከዚያ ወዲህ በጠርሙሶቻቸው ውስጥ ነጭ ዓይን ያለው ሁሉ ጉድለቱን የተሸከመ መሆኑ ይታወቅ ነበር። የጤነኛው ዝንብ ዓይን ቀይ ነው።

በቤተሰብ ጨዋታ መካከልም ስለ ሥራቸው መናገር ይወዱ ነበር። በዝንብ ወገን ወንዱ መቼም ቢሆን ክሩን እንደማይለዋወጥ፣ ሥራው ሁሉ የሴቷ እንደ ሆነ አንድ ቀን ቢያስረዱ፣ እናታቸው ‹‹እሱን ለማወቅ ነው ጀርመን ድረስ የሄድሽው?›› አሏቸው። ከሁሉ በላይ የሳቁት ባለቤታቸው መሐንዲስ ወንዳወቅ ነበሩ።

እነዚህ ነጭ ዓይን ዝንቦች ደካማ ዘር ነበሩ፤ ከሚጥሉት እንቁላል የሚፈለፈለው ጥቂቱ ብቻ ነው። የዝንብ ዘር ደግሞ እንደ እህል ተከቶ፣ እንደ መድኃኒት በበረዶ ውስጥ ተቀምጦ አይቆይም። በየጊዜው አዲስ ምግብ ወዳለበት ጠርሙስ ካልተሻገረ ያልቃል። ዶክተር አመተ ሥላሴ ይህን ዘር ከስድስት ዓመት በላይ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጡ ጠበቁት። በዓመት በዓልም፣ በኀዘንም፣ በራሳቸው ሕመምም ጊዜ የዝንቦቹ ምግብ አልቀረም። ዘሩ በሌላ አገርም እንዲጠበቅ ፈልገው ሕያው ነፍሳትን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ጠይቀው ነበር፤ ፈቃዱ ሳይደርስ ዘመኑ ተለወጠ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት አባታቸው ካረፉ በኋላ ከደሃና ወደ ሰቆጣ የተዛወሩት እናታቸው ስለ ታመሙ ለማስታመም መጡ። ከዝንቦቹም ግማሹን ይዘው ነበር፤ ሰቆጣ ከሥራ ቦታቸው ይልቅ ቀዝቀዝ የምትል ስለ ሆነች ዝግ ብለው ያድጋሉ፣ ምግብም ይቆጥባሉ በማለት ነው። እዚሁ እንዳሉ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ገበያው ቆመ። ያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ላልነበረውም በዚህ ወረቀት የምንነግረው አይሆንም።

የዝንብ ምግብ ከዱቄት፣ ከስኳርና ከእርሾ የሚሠራ ገንፎ ነው። ሰው ዱቄት ባጣበት ጊዜ ለዝንብ ገንፎ ይገነፋል የሚለው ወሬ በሰፈሩ ተሰማ። ጎረቤታችን አቶ ደግሰው በደጃፍ ቆመው፣ ‹‹ዶክተር ስትባል ሐኪም መስላን ደስ ብሎን ነበር፤ ለካ የዝንብ እረኛ ኖራለች! እመት ወለተጊዮርጊስ፣ እኔም ክንፍ ባወጣ ከገንፎው ይደርሰኝ ይሆን?›› ብለው የተናገሩትን እርሳቸው ራሳቸው እንድንጽፈው ፈቅደውልናል። እመት ወለተጊዮርጊስ ከአልጋቸው ሳይነሡ፣ ‹‹ደግሰው፣ ይሄ ዘር ነው። ዘር ሲጠበቅ ሰው መራቡን ከኔ ቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ገንፎ ካማረህ ግባና ከኔ ድርሻ ብላ›› አሏቸው። አቶ ደግሰው አልገቡም። በማግሥቱ በቁና ጥቂት የማሽላ ዱቄት ላኩ፤ ለዝንብ ይሁን ለሰው አልተናገሩም።

ወይዘሮ ፋኢዛም ከሱቃቸው የቀረውን ስኳር በነጠላቸው ሥር ይዘው መጡ። ዶክተሯ ለሰው ይሁን ብለው ሊመልሱት ሲሉ፣ ‹‹ውሰጂ ልጄ፤ የዝንቡንም ሪዝቅ የሚሰጠው አላህ ነው፤ ዛሬ በኔ እጅ ላከው እንጂ የኔ አይደለም›› ብለው ጥለውላቸው ሄዱ። ዶክተር አመተ ሥላሴ የራሳቸውን ምሳ ትተው ገንፎውን ከዚያ ይሠሩ እንደ ነበር ያወቅነው ቀሚሳቸው ሲሰፋባቸው አይተን ነው። ብንቆጣቸውም አልሰሙንም፤ በዚያ ጊዜ የማንንም ቁጣ የሚሰማ ጆሮ አልነበራቸውም።

እርሾ ሲያልቅ በምትኩ የጠላ አተላ ተጠቀሙ። አተላውን ሁልጊዜ ቀቅለው ነበር የሚሰጡት፤ በአተላ ላይ የዱር ዝንብ እንቁላል ስለሚጥል ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግን ብርቱ ትኩሳት ጣላቸውና ለብዙ ቀናት ራሳቸውን ሳያውቁ ተኙ። በዚያን ጊዜ በጥቂቱ አገግመው የነበሩት እናታቸው የዝንቦቹን ነገር ተረከቡ። በጎረቤት ተዝካር ከተጠመቀች ጥቂት ጠላ አተላ ለምነው አመጡ። ጠላ የሚጠምቅ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አተላ ሲቀቀል እርሾው ይሞታል፤ ኃይል የለውም። እናታቸውም ዝንቦቹ ደካሞች መሆናቸውን አይተው እንዲበረቱላቸው ብለው ሳይቀቅሉ ሰጧቸው።

ዶክተሯ ከትኩሳቱ ተነሥተው በግድግዳ ተደግፈው ሲቀመጡ፣ እናታቸው ጠርሙሶቹን በሰፌድ ላይ ደርድረው አቀረቡላቸው። ዝንቦቹ በዝተዋል፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ዓይናቸው ቀይ ነበር። ‹‹እሰይ፣ እይልኝ! ዓይናቸው በራ! ዳኑልሽ እኮ አመቴ!›› አሉ እናት፣ እልል ለማለት እየዳዳቸው። ዶክተር አመተ ሥላሴ አንዱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንሥተው ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያም፣ ‹‹አዎ እማዬ፣ ዳኑ›› ብለው መለሱ። ይህን ያየነው በቦታው የነበርን ነን። ለእናታቸው ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ቀይ ዓይኑን ለቅሞ ማስወገድ ይቻል ነበር፤ ለቅመውም አስወገዱ። ችግሩ ሌላ ነበር። ነጩ ዓይንና ጉድለቱ በአንድ ክር ላይ ሳይለያዩ የኖሩት በመካከላቸው ልውውጥ ስላልነበረ ነው። ከዱሩ ዝንብ በተወለዱት ሴቶች ላይ ግን ልውውጡ እንደ ገና ሥራውን ጀመረ፤ ምልክቱን ከጉድለቱ ለያየው። ከእንግዲህ ነጭ ዓይን ያለው ዝንብ ጉድለቱን ይሸከም እንደ ሆነ፣ ላይሸከምም ይችል እንደ ሆነ አይቶ የሚያውቅ የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ኃይል በአንዲት ድስት አተላ ተመልሶ ሥራቸውን ፈታባቸው። እኛም ቆመን ከማየት በቀር የምናደርገው አልነበረም።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መንገዱ ሲከፈት ወደ ሥራ ቦታቸው ሄዱ። ያኔ ያላቸው ተስፋ በዚያ የተዉት ግማሹ ዘር ነበር። እዚያም በችግሩ ጊዜ ሠራተኛው ተበትኖ፣ መብራት ተቋርጦ ኖሮ፣ በመደርደሪያው ላይ የደረቀ ጠርሙስ ብቻ አገኙ። ማንንም አልወቀሱም፤ የሚወቀስ ሰውም አልነበረም። ስለዚህ ያ ዘር በምድር ላይ የቀረ እንደ ሆነ፣ የቀረው ከሰቆጣ በተመለሱት የተቀላቀሉ ጠርሙሶች ውስጥ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት የሠሩት አንድ ሥራ ነው። ነጭ ዓይን ያለውን እያንዳንዱን ዝንብ ለብቻ አድርገው፣ አጋብተው፣ ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን አሳድገው፣ በአጉሊ መነጽር ሥር አንድ በአንድ እያዩ፣ በዘሩ ላይ ልውውጥ መደረጉን ወይም አለመደረጉን መመርመር። አንዱን ለመፈተሽ ወራት ይፈጃል፤ ምርመራው ሲያልቅም ሌላው ይጀመራል። የተፈተሸው ሁሉ ልውውጥ የሚካሄድበት፣ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ‹‹ጤነኛ ነው›› የሚለው ቃል በሌላ ቤት የምሥራች ሲሆን በእርሳቸው ቤት የኀዘን ቃል ሆነ። መሐንዲስ ወንዳወቅ ማታ ከሥራ ሲመለሱ በደጅ ቆመው ‹‹ዛሬስ?›› ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም፣ ‹‹ዛሬም እንደ አንተ፤ ጤና ብቻ›› እያሉ ይመልሱላቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ድካም ተሰማቸው፤ ሐኪሞች የደም ካንሰር መሆኑን አረጋገጡ። በአዲስ አበባ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው፣ ሕክምናው ከዚህ በላይ እንደማይረዳቸው ሲነገራቸው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወደ ሰቆጣ፣ ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ። ያልተፈተሹትን የመጨረሻ ጠርሙሶች ይዘው ነው የመጡት። ገንፎውን ልጃቸው ፀደይ ሠራች፤ እርሳቸው በአልጋ ላይ ሆነው መፈተሹን ለመቀጠል ሞከሩ። በመጀመሪያ እጃቸው፣ ቀጥሎም ዓይናቸው ከዳቸው።

በዚህ ጊዜ እናታቸው ነገሩን ዐወቁ። ‹‹ያኔ የዳኑት ስንት ደረሱ?›› ብለው ሲጠይቁ መሐንዲስ ወንዳወቅ በድካም ብዛት እውነቱን ነገሯቸው። እመት ወለተጊዮርጊስ ወደ አልጋው ቀርበው፣ ‹‹ለምን አልነገርሽኝም?›› አሏቸው። ልጃቸውም፣ ‹‹ነግሬሽ ምን ልታደርጊ? አልቅሰሽ ዓይንሽ እንዲቀላ? ቀይ ዓይንስ መች ቸገረኝ!›› ብለው ሳቁ። እናታቸው አልሳቁም። ይህ በሕይወት ታሪካቸው እንዲገባ ቤተሰቡ አልፈቀደም ነበር። ያዘዙት እናታቸው ናቸው፤ ‹‹ሳይቀቀል የሰጠሁት እኔ ነኝ በሉ፤ ልጄ ዘሩን አጣች እንጂ ጣለች እንዳይባል›› ብለዋልና ቃላቸው እንደ ተነገረን እነሆ ተጽፏል።

በመጨረሻው ሳምንት ዶክተር አመተ ሥላሴን አንድ ነገር ጠየቅናቸው፦ ከቀሩት ጠርሙሶች ዘሩ ያለበት የትኛው ነው? ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚያጽናና ቃል ሊሰጥ ይችል ነበር። እርሳቸው ግን ያልተመረመረውን ነገር በግምት ለመናገር አልተማሩም። ‹‹አላውቅም። በአንዱም ላይኖር ይችላል›› አሉን። ያስተማርናቸው እኛ ስለ ሆንን በዚህ መልስ እንኮራለን፤ ሆኖም ሌላ መልስ በሰጡን እያልን መመኘታችንን አልሸሸግንም።

ዶክተር አመተ ሥላሴ በተማሪዎቻቸው ዘንድ በሥራ ጥብቅ፣ በፈተና ፍትሐዊ፣ በችግር ጊዜ ደግሞ እናት እንደ ነበሩ ተመስክሮላቸዋል። ከዋግ ገጠር ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሴት ልጆችን በቤታቸው አስቀምጠው አስተምረዋል፤ ከእነርሱም መካከል ዛሬ በዚህ ለቅሶ ላይ የተገኙ አሉ።

በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ንስሓ ገብተው ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ በእናታቸው ቤት ዐረፉ። እናታቸውን ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ካሣዬን፣ ባለቤታቸውን መሐንዲስ ወንዳወቅ ደርሶን፣ ልጃቸውን ፀደይ ወንዳወቅን፣ እንዲሁም አጎታቸውን መምህር ቢሆነኝ ገብረ ሊባኖስን ትተው አልፈዋል።

ከደሃና በእግር፣ ከኒሯቅና ከሰሃላ ሌሊቱን ተጉዛችሁ፣ ከዩኒቨርሲቲም ከሩቅ መጥታችሁ ኀዘናችንን የተካፈላችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። በዚሁ አጋጣሚ የምንለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ጠርሙሶቹ በእናታቸው ቤት በመስኮቱ ላይ ናቸው፤ ዝንቦቹም በሕይወት አሉ። በመጪው እሑድ ወደ አዲስ ጠርሙስ መሻገር አለባቸው። እኛ ገንፎውን ማዘጋጀት እንችላለን፤ የትኛው ወደ የትኛው እንደሚሻገር፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚጋባ ግን አናውቅም። በዚህ ጉባኤ መካከል ይህን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ከሥርዓተ ቀብሩ በኋላ በድንኳኑ በር ላይ ፀደይን ያነጋግርልን። የሚያውቅ ባይገኝም፣ ሁሉንም በአንድነት መመገባችንን እንቀጥላለን።

ሰው ለይቶ የማያውቀውን ለይቶ የሚያውቅ ልዑል እግዚአብሔር የልጃችንን የአመተ ሥላሴን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልን፤ ለእናታቸውም ልብ ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።